ኢንሹራንስ ለተፈወሰ ሰው

ሜሬዋይ፣ እስቲ ያንን ጎደሬ ወዲህ በይልኝ፤ አብረን እንላጠው። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ትንሹን ሳሉ ለቀቀው? እሰይ። አዳራሹ ዛሬ ሞቅ ብሏል፤ እዚህ ባዕድ አገር ያለች የፊጂ ሴት ሁሉ ለነገው የቤተ ክርስቲያን ምሳ ወጥታለች፣ እዚያ ጥግ ኮኮናት የሚፍቁት ትልልቆቹ ሳይቀሩ። ድምፄን ከፍ ካደረግሁብሽ ይቅር በይኝ፤ ይሄ ቧንቧ ሲጮህ አንሰማማም ብዬ ነው።

አፔኒሳ? ባሌማ ተኝቷል። ምን ያድርግ፣ ዶሮ ፋብሪካው በቆሰለ እግር አያስገባውም። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እግሩን ያጣል ብሎናል። ኢንሹራንሱ ደግሞ አልከፍልም አለ። “ስኳሩን ከአገርህ ይዘኸው ነው የመጣኸው፤ ስንጠይቅህ የለብኝም አልክ። ነግረኸን ቢሆን በወር ትንሽ ጨምረህ ይሸፈንልህ ነበር” አሉት። እኔ አልተቀየምኳቸውም። ሰውየው ጤነኛ ነኝ ካላቸው፣ የነገራቸውን ባመኑ ምን አጠፉ?

አፔኒሳም ቢሆን አልዋሸም እኮ። ተፈውሶ ነበር። ረሳሽው እንዴ? ባለፈው ፋሲካ፣ እዚሁ አዳራሽ፣ አንድ የተባረኩ ሰው... ስም አልጠራም፤ ደግ የሠራ ሰው ስሙ ሲነሳ ያፍራል... ብቻ እጃቸውን ጭነውለት፣ “ከዛሬ ጀምሮ ስኳር የሚባል ነገር በአፍህ እንዳትጠራ፤ ከጠራኸው ይመለስብሃል” አሉት። እንዴት ያለ እጅ መሰለሽ። እኔ ራሴ ከሁሉ ቀድሜ አሜን ብያለሁ።

ኢንሹራንሱ በስልክ የጠየቀው ለት ደግሞ፣ እኚሁ ሰው እኛ ቤት ሻይ እየጠጡ ነበር። ልጅቷ “ስኳር አለብዎት?” ስትለው፣ አፔኒሳ መልሱ እንደጠፋበት ተማሪ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። “የለብኝም” አለ። ደስታቸውን ብታይ... ኬኩን ደግመው ቆረሱ፤ ከዚያም ሠለሱ። ለስኳርም ሳይሰጉ፣ እንዲያ ያለ እምነት ከየት ይመጣል?

የእኔ እምነት እንግዲህ ደካማ ነው። ባለፈው እሑድ ተነግሮኛል፤ አንቺም ነበርሽ። “አንዳንድ ቤት ፈውስ የማይጸናው ሚስት ስለምትጠራጠር ነው” ሲባል፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ አልዞረም? ዞረ። እኔም ይህቺ ጉደኛ ማን ትሆን ብዬ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ለካ ግድግዳ ነው።

ትናንት ታዲያ ለአፔኒሳ የቁስል ማሰሪያ ላመጣ ክሊኒክ ሄድኩልሽ። ማንን ባይ ጥሩ ነው? ከስኳር ሐኪሙ ክፍል ብቅ አሉ፣ ባርኔጣቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደው። በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ነው፣ ይሄ ነው ክርስትና ብዬ ደስ አለኝ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ግን፣ መቼም እነዚህ ልጆች ቀስ ብሎ ማውራት አያውቁም፣ “እርስዎ ምንም አይከፍሉም፤ ስኳሩንም፣ ደም ግፊቱንም፣ ሪሁንም ከመነሻው ስለተናገሩ ኢንሹራንስዎ ሁሉንም ይሸፍናል” አለቻቸው።

ሪሁን እንኳ እኔ አላውቅም ነበር።

ሦስቱንም በአፋቸው ጠርተዋቸዋል ማለት ነው፣ ሜሬ። ደፋር ናቸው፤ ቢመለስብኝስ አላሉም። ደግሞ ትሕትናቸው... ያን ሁሉ ፈውስ ለሰው አድለው ጨርሰው፣ ለራሳቸው ኢንሹራንስ ብቻ አስቀሩ። ያለውን ሁሉ እንዲህ የሚሰጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እንኳን ሐኪም ፊትም ጉባኤ ፊትም ያው አንድ አፍ ነው ያለኝ። ለተመረጡት ግን ለየፊቱ ለየብቻ አፍ ይሰጣቸዋል መሰለኝ።

ምነው ቢላዋሽን አስቀመጥሽ? ኮኮናት መፋቂያውም ዝም ብሏል... ደከማቸው ይሆን? ይረፉ፣ ዕድሜም አለ። ሪህም አለ።

ማክሰኞ ወደ አገራችን ወደ ሱቫ ይዤው ልመለስ ነው፤ እዚያ ቀዶ የሚያደርግለት ሐኪም ለምነንለታል። እግሩ እስከዚያ ይቆይልን አይቆይልን እንጃ። ሌሊት እያቃሰተ እንኳ “አመመኝ” አይልም፤ በአፉ እንዳይጠራው። ፈርቻለሁ፣ ሜሬ። ስስቅ አይተሽ እንዳትሳሳቺ፣ በጣም ነው የፈራሁት።

ምን አልሽ? የሥራውን ጸሎት እኔ ላድርስ? እኔ እምነተ ቢሷ? እሺ፣ ካላችሁ። ሁላችሁም ቀረብ በሉ። እዚያ ጥግ ያሉትንም እጃቸውን ያዙና አምጧቸው፤ ያ እጅ ከመካከላችን አይጉደል። እንጸልይ።

ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ምግብና ስለሚሠሩት እጆች እናመሰግንሃለን። እኔና ባለቤቴ ባዶ እጃችንን ነንና ውለታ መላሹ አንተ ሁን። በአፔኒሳ ላይ እጃቸውን የጫኑትን እናታችንን ባርካቸው። ረጅም ዕድሜ ስጣቸው። ለእሱ የለመኑለትን ያንኑ ፈውስ፣ አንዲት ሳትቀንስ ለእሳቸው አድርግላቸው። እግራቸውንም እንደ አፔኒሳ እግር ጠብቅላቸው። አሜን።