እንሰት የነበረበት ሣር

አሳየሽ፣ እንደምን አረፈድሽ? ዝናቡስ ምን አጠፋብሽ? ያቺን በርጩማ ወደዚህ ወደ ቆርቆሮ አጥሩ አስጠጊልኝማ፤ ፀሐይዋ እዚህ ጋ ትሻላለች። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ አትቀየሚኝ፤ ጆሮ ሲደክም አፍ ይበረታል። ከአጥሩ ወዲያ ሣር የሚያጠጣ ሰው ካለ እሱም አይቀየመኝ… እኔ የማወራው ስለ ጓሮ ነው።

ጎመንሽ አምሯል። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ጎመን የሰው ምግብ ነው። ለሰው ጓሮ የሚያለማ ሰው ዛሬ ኋላ ቀር ይባላል። እኔ ዳልጮ በሰባ ስድስት ዓመቴ ከኦቶና እስከ ሃላሌ ያልገባሁበት ጓሮ የለም፤ ዘንድሮ ያየሁትን የመሰለ ግን አላየሁም። የማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ። ስሙን አልጠራም፤ ስም ያለው ሰው ነው።

በሰኔ መግቢያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «ጋሽ ዳልጮ፣ የጓሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት ልጀምር ነው» አለኝ። የእናቱን ክፍል ጣሪያ ሊጠግን መስሎኝ ቆሜ መረቅሁት። ምርቃቴም አልቀረም፤ ቆርቆሮው መጣ። ፊት የሚያሳይ አዲስ ቆርቆሮ። የውሻው ቤት ላይ ተመታ። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ተረፈ፤ አሁን እንኳ ለእናትየው ነው ስል፣ ለውሻው የውሃ ሳህን ጥላ ሆነ። እናትየው ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ይገፋሉ። እሱም ለአሳቢነቱ ነው… ሐኪሞች በዚህ ዕድሜ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ይሉ የለ?

የውሻውን የሬክስን ቤትማ ምን ልበልሽ። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ባለ መስታወት። መዳፉን እንዳይሻክረው ከወንዝ የተለቀመ ጠጠር ተነጥፎለታል። ከሃላሌ የመጣ አንድ ገበሬ የወረዳ ቢሮ መስሎት ማመልከቻውን በመስኮቱ አስገባ። ውሻውም ተቀበለው። ትስቂያለሽ፤ እውነቴን ነው። ከብዙ ቢሮ ቀድሞ መልስ ሰጥቶታል።

ሣሩ ደግሞ አለ። ሣሩ ያለበት ቦታ ላይ ምን ነበር አሳየሽ? ረሳሁት… አዎ፣ እንሰት። አርባ እግር እንሰት። እናትየው ከዲምቱ ሲመጡ ችግኙን በአይሱዙ ጭነው አምጥተው፣ በየማለዳው እበት ተሸክመው ያሳደጉት። በእኛ ወግ እንሰት የሴቲቱ ነው፤ ሳታውቅ ቢላዋ አይነካውም። ጎረቤታችን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እናቱን በጥያቄ ላለማድከም ብሎ ጸሎት ቤት በሄዱበት ቀን አስቆረጠው። ሲመለሱ ሁሉም አልቆ ነበር። አንድ ቅጠል እንኳ እንዲያነሡ አላስቸገራቸውም። እንዲህ ያለ ልጅ ስንት እናት አገኘች?

ቦልቴን፣ የቀን ሠራተኛውን ታውቂው የለ? «ሥሩን ልንቀለው ወይ?» ብሎ ጠይቆታል። ጌታው ቸኩሏል፤ በስልኩ ያየው የፈረንጅ ጓሮ በሁለት ሳምንት ነው ያለቀው። «አንገቱን ቁረጥና አፈር አልብሰው። ሣሩ እንዲፋፋ እበት ጨምርበት» አለው። ቦልቴ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሳቁን ዋጠና እንደታዘዘው አደረገ።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እንሰት የሚባዛው እንዴት ነው? አንገቱ ተቆርጦ፣ አፈር ለብሶ፣ እበት ተደርጎለት አይደለም? በወላይታ ምድር ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ሰው ተምሮ ተምሮ ሊረሳው ይችላል፤ ትምህርት ቦታ ይፈልጋል። ይኸው በነሐሴ ዝናብ ሣሩን እየሰነጠቀ ወጣ። ከአንዱ ጉቶ ሃያ፣ ከአንዱ ሠላሳ። እናትየው አርባ ተከሉ፤ ልጃቸው ሺህ ተከለላቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ… የእኛ አገር እውነት እንኳ እያደር የሚበቅል ነው።

እናትየው ቡቃያውን ሲያዩ ሣሩ መሃል ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ራስ ይዳብሱት ጀመር። ልጅየው መጣ። ምን አለ መሰለሽ? አንቺም በአጥሩ ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ጆሮዬ ደህና ነበር። «እማዬ፣ ከሣሩ ላይ ተነሺ። ሬክስ እንግዳ ሰው ሲቀመጥበት አይወድም።»

እንግዳ ሰው… ደግ አባባል ነው እኮ። እንግዳ በእኛ ቤት ክብር አለው።

ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። ይኸው ሦስት ቀናቸው፣ አንቺ ጓዳ ናቸው። ሬክስስ የት ነው ያለው? ጠዋት ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ «ሬክስ፣ ሬክስ» ይላል ጌታው። ያ ሁሉ ሴራሚክ ባዶውን ነው። እዚህ አይደል እንዴ፣ ጓዳሽ በር ላይ፣ ሴትየዋ እግር ሥር አገጩን አሳርፎ። ያን ውድ ሣር ቦጭቆ፣ በአጥሩ ሥር ጉድጓድ ምሶ መጣ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ ይሄ አልጮኸም፣ በበላበት መጥቶ ተኛ። አየሽ፣ ከእጃቸው ቆጮ ስለጎረሰ ብቻ ነው ይህን ያደረገው። ጡታቸውን የጠባ ቢሆንማ… ተይው፣ ውሻ ምን ያውቃል።

ነገ ቦልቴ የእንሰቱን ሥር ሊነቅል ይመጣል። በዚያው ሰዓት፣ ጠዋት በሁለት፣ የዲምቱ መኪና ይነሣል፤ ጓዛቸውንም አስረዋል። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቱን ከቤቱ የሸኘ ሰው በዚህ ሰፈር አላየሁም። እሱ ግን በሁሉም ነገር ፈር ቀዳጅ ነው። ትናንት፣ «እህቴ፣ ምን ቢያደርግ ይቀራሉ?» አልኳቸው። «ሣሩም ይሁንለት፣ ውሻውም ይሁንለት፤ ብቻ መጥቶ ሥሩን አልነቅለውም ይበለኝ። አሁን ከሄድኩ ግን አልመለስም» አሉኝ። አንድ ቃል። ለአንድ ቃል በአጥሩ ዞሮ ሠላሳ እርምጃ መምጣት ይጠይቃል። ሰው ፕሮጀክት ሲበዛበት ሠላሳ እርምጃ ከዲምቱም ይርቃል፤ አልፈርድበትም። ደግሞስ ባለፈው እሑድ ጸሎት ቤት «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ሲያስተምር አልነበርሽም? አንዲት ፊደል አልሳተም። እንዲህ አጥርቶ የያዘ ሰው ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?

የውሃው ድምፅ ቆመ… ወይስ ጆሮዬ ነው?

እንግዲህ ልሂድ። ሽማግሌ ሳይመርቅ አይነሣም፤ እጅሽን ዘርጊ። ጎረቤታችንን ጌታ ይባርከው። የእናቱን ዕድሜ ይስጠው። ልጆቹ እንደ እሱ የተማሩ፣ እንደ እሱ ሥራ ወዳድ ይሁኑለት። ጉልበቱ ሲዝል፣ ዓይኑ ሲደክም ከጓሯቸው አያርቁት። ለውሻው ያደረገውን ያድርጉለት አልልም፣ ይከብዳቸዋል… ለእናቱ ያደረገውን ብቻ፣ አንዲት ሳያጎድሉ ያድርጉለት።

አሜን በይ እንጂ አሳየሽ። ከፍ አድርገሽ።