የጋሼ መኳንንት አንድ ጉልበት

ሰው ከሰው ሊደበቅ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ጋሼ መኳንንት ግን የተደበቁት ከእግዚአብሔር ነበር፤ ያውም በገዛ ግቢው ፓርክ አድርገው።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በካናዳዋ ካልጋሪ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ብዙም በማይርቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ለመናዘዝ የሚገባውን ሰው በቅናት ያያሉ። ድንገት መስኮቱ ተንኳኳ። ቀና ቢሉ ክው አሉ። የዕድራቸው ሰብሳቢ የእትዬ ገበያነሽ ልጅ፣ ውዳሴ!

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

«ጎማዬ... ጎማዬ ተንፍሶ ነው፣ ልጄ።»

«ባለፈው ቅዳሜም ተንፍሶ ነበር? አይቼዎት ነበር እኮ።»

የተያዘ ሰው ቶሎ ዳኛ ይሆናል። «አንቺስ? እናትሽ እዚህ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

«ታውቃለች። ለፋሲካ ካቶሊክ ልሆን ነው!» አለች። ፊቷ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ግማሽ ዋጋ ሴል እንደወጣ ሁሉ በርቷል። ከዚያ ሳትጋበዝ ከጎናቸው ገብታ በሩን ዘጋች፤ በረዶው ከጫማዋ ምንጣፋቸው ላይ ቀለጠ።

እንግዲህ የጋሼን ነገር እንንገር። ያሳደጓቸው የካቶሊክ ሚሲዮን ሲስተሮች ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅዳሴ ላይ ያገለግሉ ነበር። ካልጋሪ ሲገቡ ግን ኮትና ድስት ሙሉ ወጥ ይዘው የተቀበሏቸው ኦርቶዶክሶቹ የዕድር ሰዎች ሆኑ። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ?» ሲሏቸው «እመጣለሁ» አሉ። ያቺ «እመጣለሁ» አብራቸው ሸበተች። አንድም ቀን ቆርበው አያውቁም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከቁርባን መራቅ እንደ ትሕትና ስለሚቆጠር፣ የሚጠረጥራቸው ጠፍቶ የሚያመሰግናቸው በዛ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ተነፈሱላት። እሷም አላዘነችላቸውም።

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

«እምነት እንደ ሸሚዝ አይለወጥም፣ ልጄ።»

«እርስዎ መቼ ለወጡ? ደበቁት እንጂ! እኔ ነኝ የለወጥኩት።»

«ደግሞስ እግዚአብሔር አንድ አይደል? የትም ቢቆሙ ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ከመኪና ውስጥ ምን ያዩታል?»

ጋሼ ማሞቂያውን ከፍ አደረጉ። 

«አንቺን ግን ምን አገኘሽ? የናትሽ ቤት ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ላይክ፣ እዚያ ስሄድ የእማዬ ልጅ ነኝ። እዚህ የመጣሁት ኖኅ የሚባል ካቶሊክ የክፍሌን ልጅ ላበሽቀው ነበር። ገባሁ፤ ሰው ተንበርክኮ ዝም ብሏል። ዝምታው፣ ዩ ኖው፣ ስሜን የሚያውቅ መሰለኝ። ወጥቼ እስከ ባቡሩ ድረስ ሮጥኩ፤ በማግሥቱ ተመለስኩ። አሁንም እየተመለስኩ ነው!»

«መናዘዙስ? እኔ ኃጢአቴን በእንግሊዝኛ አልችለውም።»

«ጋሼ! ከኢንሹራንስ ጋር በእንግሊዝኛ አፍ ለአፍ ሲገጥሙ ሰምቼዎታለሁ። ኃጢአት ከዚያ አይከብድም።»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ተቆረጠ። «እውነቱን ልንገርሽ። ሚስቴን የቀበሩልኝ የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ‹ዋሽተኸናል› ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ፣ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ውዳሴ ቀስ ብላ «ታዲያ ለመቀበር ብለው ነው ሳይኖሩ የሚኖሩት?» አለች። ቀጥላም ስልኳን አወጣች። «እማዬን ኮል እናድርግላት።»

«ተይ! በእመቤታችን!» እጇን ሊይዙ ሲሉ የእትዬ ገበያነሽ ድምፅ መኪናውን ሞላው። ልጅቷ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈሰሰችው።  ጋሼ ኮፍያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

«አንተ ሰው!» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «ቤተ ክርስቲያን በገባህ ቁጥር አንድ ጉልበትህን አጥፈህ ስትነሣ፣ እኛ ሪህ ነው ብለን ወንበር ስንለቅልህ ኖርን! በቀደም ልጄ ካቶሊኮቹ ጋ ብትወስደኝ፣ ሁሉም እንዳንተ አንድ ጉልበታቸውን ያጥፋሉ። ያኔ ገባኝ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

«እትዬ... ዕድሩስ?»

«ዕድሩ ምን ሆነ? የዕድራችን አባል የፊርደውስ አባት ሲሞቱ መስጊድ ድረስ ሄደን አልቀበርንም? አንተው አይደለህ ውሃ ስታመላልስ የዋልከው? እኔ ደስ ብሎኛል አልልህም፤ ለልጄም አልቅሻለሁ። ግን ውሸታም መኳንንትን ከምቀብር እውነተኛውን ብቀብር ይሻለኛል። አሁን ነዳጅ አትጨርስ፣ ግባ!»

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። ከመኪናው የወረዱት እንደ ጎረምሳ ነው፤ በረዶው ላይ ሲሮጡ ውዳሴ ልትደርስባቸው አልቻለችም። መናዘዣው ውስጥ ብዙ ቆዩ፤ በምን ቋንቋ እንደተናዘዙ የሚያውቁት እሳቸው፣ ቄሱና ፈጣሪ ናቸው። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ልጄ፣ ቀለለኝ! ቀለለኝ እኮ!» አሉ፣ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ሰው ዞሮ እስኪያያቸው።

በእርግጥም ብዙ ነገር ቀለላቸው። እሑድ ጠዋት ምን ብዬ ልዋሽ ማለት ቀረ፤ በለቅሶ ቤት ቀና ብለው የሚቀመጡ ሆኑ፤ የሚወዷቸውንም ሰዎች ከእንግዲህ ሳይፈሩ ሊወዷቸው ነው። ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ጎረቤቱን አያጣም፤ ጎረቤቱ ገና አሁን ያገኘዋል።

ጋሼ ቅዱስ ቁርባኑ ወዳለበት መንበር ዞሩ። ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው፣ ሳይሰርቁ፣ አንድ ጉልበታቸውን አጠፉ። ቆዩ። አሁንም ቆዩ።

«ጋሼ፣ እየጸለዩ ነው?» አለች ውዳሴ በሹክሹክታ።

«ጨርሻለሁ፣ ልጄ። እስኪ ደግፊኝ፤ ሪሁስ እውነት ነው።»