የመምህር ሀብተ ሚካኤል ደብተሮች

ባለፈው ግንቦት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ዳባት ላይ ፈነዳ። ዝናብም ጀመረ። አጠገቤ የነበረችው ወጣት፣ «የአጎቴ ቤት እዚሁ ነው፤ ጎማው እስኪቀየር ይጠለሉ» ስትለኝ ተከተልኳት። ሶልያና ትባላለች፤ ደባርቅ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ትሠራለች።

አጎቷ የኔታ መልከ ጼዴቅ ብዙ ዲያቆናት ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንድማቸው፣ የሶልያና አባት፣ መምህር ሀብተ ሚካኤል የታሪክ ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የስሜንን ሽማግሌዎች እየጠየቁ የጻፉባቸው ደብተሮች፣ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ በየኔታ ጓዳ በሣጥን ተቆልፈዋል።

«ዛሬም ለደብተሮቹ መጣሽ?» አሉ የኔታ፣ ገና ሳንቀመጥ።

«አዎ፣ የኔታ። ደረቅ ክፍል አዘጋጅተናል። ቢፈቅዱልን ፎቶ አንስተን፣ በዝርዝር መዝግበን፣ ማንም መጥቶ እንዲያነባቸው እናደርጋለን።»

«ማንም! ልጄ፣ ሰዎቹ የልባቸውን የነገሩት አባትሽን አምነው ነው። በደርግ ጊዜ ማን ማንን እንደጠቆመ ሳይቀር ተጽፏል። የጠቋሚው ልጆች ጎረቤቶቼ ናቸው። በወንድሜ ጽሑፍ ሰው ላጣላ?»

ይህ የንፉግ ሰው ፍርሃት አልነበረም።

«ልክ ነዎት» አለች ሶልያና። «እሱን እርስዎ ይለዩልን፤ ባለጉዳዮቹ እስኪያልፉ ታሽጎ ይቆያል። ግን ስለ እሱ ሲባል የቀረው ሁሉ ለምን አብሮ ይታሰር?»

«የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት ማን ፎቶ አንስቷቸው ነው?»

«እነሱ ብራና ናቸው፣ የኔታ። ይህ የተማሪ ደብተር ነው።»

በዚህ መካከል ዝናብ የመታው ገበሬ ከደጅ «ቤቶች!» አለ። አሻግሬ ይባላል፤ የመጣው ከአምባራስ ነው። የየኔታን ጉልበት ስሞ፣ «አምና ሰኔ መግቢያ ላይ እንዳልኩዎ ነው» አለ። «መምህር አባቴን አነጋግረውት ነበር ይላሉ። እሱ ሲሞት እኔ ጡት እጠባ ነበር። ያለውን ብቻ ያሰሙኝ።»

አምና እንቢ ብለው መልሰውታል። አሁን ግን በእኛ ፊት አፍረው ይሁን አዝነውለት፣ ቁልፉን ለሶልያና ሰጧት።

ሣጥኑ ሲከፈት ሻጋታ ሸተተን። ለካ በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶበት ኖሯል። ሶልያና «አምባራስ» የሚል ደብተር አውጥታ፣ የተጣበቁትን ገጾች ቀስ ብላ አላቅቃ አነበበች፦

«በረሃቡ ዓመት አንድ ቁና ገብስ ለዘር ደብቄ ነበር። ሚስቴ እያለቀሰች ብትለምነኝም አልሰጠኋትም። ዝናቡ ሲጥል ግን ለጎረቤት ሁሉ አካፈልኩት። ልጄ አሻግሬ ሲያድግ ጨካኝ ነበር እንዳይለኝ። ለእሱ የምለው...»

ቀጣዩን መስመር በጣቷ ፈለገች።

«ከዚያስ?» አለ አሻግሬ።

«ከዚህ በታች ውሃው አጥፍቶታል።»

የኔታ ደብተሩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ቀለሙ ፈስሶ ገጹ ሰማያዊ ብቻ ሆኗል።

«አምና ስትመጣ ጣሪያው አላፈሰሰም ነበር» አሉ። «አባትህ የላከልህን ቃል ያስጠፋሁብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

አሻግሬ ዕንባውን በጋቢው ጠረገ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ የኔታ። መምህር ባይጽፉት ይህችንም አላገኝም ነበር።»

የኔታ ወደ ሶልያና ዞሩ። «ውሰጂው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የሚታሸገውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ዛሬ ደብተሮቹ ደባርቅ ናቸው። ሰው የሚያስቀይመው ታሽጓል፤ የቀረው ተከፍቷል። ተማሪዎች የአገራቸውን ታሪክ ከአያቶቻቸው ቃል ይማሩበታል። ከሊማሊሞ ግርጌ የመጡ እህትማማቾች እናታቸው ያወረደችውን ሙሾ አግኝተው ገልብጠው ሄደዋል። ወረቀት ስንቆልፍበት የጠበቅነው ይመስለናል፤ የሚያቆየው ግን ደረቅ ቦታ፣ ሁለተኛ ቅጂና የሚያነበው ሰው ነው።

የኔታ ረቡዕ ረቡዕ ከዳባት እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደጁ ላይ ስታመነታ አይተው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ስትነግራቸው ብድግ አሉ።

«ግቢ፣ ልጄ። አባትሽ እዚህ አሉ።»