ፈረሱ አይሸጥም

ወታደር ልቀጠር ቆርጬ፣ የቀረኝ ለአባቴ መንገር ብቻ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ መልሴን እንደ ፈተና አጥንቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፈረሳችንን ድርቆሽ ወደሚያበሉበት ጓሮ ዞርኩላችሁ። "አባዬ፣ ነገ እንጅባራ ሄጄ ልመዘገብ ነው" አልኳቸው። "ቆርጠሃል?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ቆርጫለሁ።" ድርቆሹን ማብላታቸውን ቀጠሉ። ለጠብ የተሰናዳሁት ሰውዬ አለመቆጣታቸውን አልቻልኩትም። "እኔ ከሄድኩ ፈረሱን የሚጋልበው የለም፤ ገበያ ያውጡትና ይሽጡት" ብል፣ ድርቆሹን ጥለው አፈጠጡብኝ።

"ፈረሱማ አይሸጥም! የጎረቤታችንን ልጅ ለቅሶ አላየህም? ከግንባር መርዶው እንጂ ሬሳው አልመጣ፤ የሱን ፈረስ ጭነው፣ ጋቢውን ኮርቻው ላይ ጣል አድርገው፣ እየሳቡ አይደል ያለቀሱለት? እኔስ ታዲያ ምን ይዤ ላልቅስ?"

ፊቴን አዙሬ ልሄድ ስል ጠሩኝ። "ስትሄድ" አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ጋቢህን ትተህልኝ ሂድ።"

አልሄድኩም። ያን ፈረስ ግን ከዚያ ወዲህ ደፍሬ አልተቀመጥኩበትም።