ጠበልና ክኒን በአንድ ኩባያ

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ፣ የደም ግፊቴን ላስለካ ዶራ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም ብሄድ፣ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እማማ ሐረጓ ከልጅ ልጃቸው ከረዑት ጋር ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። እማማ ሐረጓ አይሁዳዊ ባላቸውን ተከትለው ከጎንደር እዚህ አይሁድ አገር የመጡ፣ ማተባቸውን ግን ያልበጠሱ ክርስቲያን ናቸው። ረዑት የነርስነት ተማሪ ናት። የአሮጊቷ እግር በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል።

«መምህር ዘመዱ፣ እንኳን መጡ!» አለች ረዑት። «ስኳሩ እግሯን በልቶታል። ሐኪሙ ዛሬውኑ ሆስፒታል ግቢ፣ ጣቶችሽ ካልተቆረጡ ትሞቻለሽ አላት። እሷ ጠበል ጀምሬያለሁ፣ መድኃኒት አልነካም ትላለች። ሳፍታ፣ ዳይ! በቃ አያቴ! ውሃ ቁስል አያድንም!»

«አፍሽን ያዢ!» አልኳት። የተማረ ሰው በሰው እምነት ሲያፌዝ ደሜ ይፈላል። ወደ እማማ ዞርኩ። «እርስዎስ፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን ማን አጣላቸው? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለታመመ ሰው ጾሙን ትፈታለታለች። ለሐኪሙ አእምሮ የሰጠው ማን ነው?»

«እግዜር ነዋ።»

«ታዲያ እሱ የሰጠውን አልቀበልም ይባላል?»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እርስዎ አያውቁም፣ መምህር። ሰይፉን፣ የዚችን አባት፣ ለሚጥል በሽታው የሚውጠውን ክኒን ከጠበል ጋር አይሆንም ብዬ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። በሰባተኛው ቀን ጣለው፤ አልተነሳም። ዛሬ እኔ ክኒን ብውጥ፣ ልጄን በከንቱ ገደልኩት ማለት አይደለም?»

እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ወደ ረዑት ዞርኩ። እሷ አባቷ ወድቆ መሞቱን እንጂ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወደ አያቷ ተመለሰች።

«ተናድጄብሻለሁ፣ ሳፍታ። በጣም። ግን በሕይወት እያለሽ ልናደድብሽ እፈልጋለሁ። ተነሽ።»

እማማ ሐረጓ እጃቸውን ሰጧት።

ሦስት ጣት ተቆረጠ። ዛሬ ቁስሉ ደርቋል፤ በምርኩዝ ወጣ ገባ ይላሉ፤ ለበዓልም ኢየሩሳሌም ሄደው ያስቀድሳሉ። እምነታቸው አልጎደለም፤ የጎደለው አጉል ፍርሃታቸው ነው። ረዑት አሁንም አንዳንድ ቀን አታናግራቸውም፤ መድኃኒታቸውን ግን ሳታደርስ ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ አንዲት ጎረቤት ተቀምጣለች። ልጇን ጠበል ልታስጀምረው ነው፤ ክኒኑን ላስቁመው ወይ ብላ ትጠይቃለች። እማማ ሐረጓ ጠበላቸውን በኩባያ ቀዱ፤ ክኒናቸውን አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው፣ ጎረቤቷ እያየች በዚያው ጠበል ዋጡት።

«ሁለቱንም ስጪው» አሏት። «እኔ ለልጄ አንዱን ብቻ ሰጠሁት።»