ባለ አንድ ዓይኗ ሴት

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄ ይብረድልኝ! ደግሞ ዋናው ገና ከኋላ ነው። ጓዳዬ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ነርስ፣ ያቺ ከሐዋሳ ላሊበላ ተመድባ የመጣችው ዝምተኛ፣ ለካ ከሥራ ስትመለስ ለትልልቅ ሰው የሚሆን አጫጭር የካርቱን ታሪክ ትስላለች! ቆሎ ይዤላት ስገባ ደረስሁባትና "አምጪው እስቲ ልየው" ብዬ ተቀመጥሁ። እኔ የዚሁ ያገሩ፣ የገነተ ማርያም ልጅ፣ ፊደሉ ላይ ብዙም አልገፋሁም፤ ስዕል ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አውቃለሁ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ሰይጣንና እንደ ይሁዳ ያለ ክፉ ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። የሷ ስዕል ላይ ያለችው ሴት ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን መስኮት ላይ ትቆማለች፣ ሁሉም ጋ ባንድ ዓይን!

"ኧረ በማርያም! ይቺ ሰይጣን ሽሮም ትበላለች እንዴ?" ብዬ እያጨበጨብሁ ሳቅሁ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለችኝ።

ማጨብጨቤን ተውሁ። "ታዲያ አንቺን የመሰለች ልጅ ከይሁዳ ጋር ምን አሰለፈሽ? በይ አሁኑኑ ፊቷን አዙሪያት!" አልኋት። እርሳሱን አነሳች፤ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ እሷ ያለችበት ክፍል ውስጥ እኮ ሌላ ሰው የለም። ወደ ማን ላዙራት?"