የወይዘሮ ብርቅነሽ ካርቦናቶ

ወይዘሮ ብርቅነሽ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ካላክላ ገበያ፣ ጂብሪል ሱቅ ገብተው ለቃራቸው በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን ነጭ ዱቄት፣ ካርቦናቶ፣ ሲገዙ የጎረቤታቸውን ልጅ ዮሳቤጥን አገኟት። ዮሳቤጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ በሰፈሩ ኮሌራ ከገባ ወዲህ ሥራ በዝቶባታል። ካርቦናቶውን አይታ በስንት ጊዜ እንደሚጠጡት ጠየቀቻቸው።

«በልቼ በተነሣሁ ቁጥር፤ ይኸው ስንት ዓመቴ» አሉ።

«እትዬ፣ ካላስቀየምኩዎ አንድ ነገር ልንገርዎ። የኮሌራ ተሕዋስ አሲድ አይችልም። ከውሃ ጋር ብንውጠው እንኳ የጨጓራችን አሲድ አብዛኛውን ይፈጀዋል። ካርቦናቶ ግን ያን አሲድ ያመክነዋል፤ ተሕዋሱም በሕይወቱ ወደ አንጀት ያልፋል።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ቅር አላቸው። እንቅልፍ የሚነሣቸው አሲድ ጠባቂያቸው ነው መባሉ ቀልድ መሰላቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ሎሚ እየመጠጥኩ፣ አህያ በሚጎትተው ካሮ የሚመጣውን ውሃ እንዳለ ልጠጣዋ።»

ዮሳቤጥ አልሳቀችም። ሎሚ ማፍላትን እንደማይተካ፣ ተሕዋሱ ከበዛ ጤነኛ ጨጓራም እንደሚሸነፍ አስረዳቻቸው። እርሳቸው ግን «ኢንሻአላህ» ብለው ካርቦናቶውን ይዘው ወጡ። ሰው ምክር የሚገፋው ሁልጊዜ በንቀት አይደለም፤ የለመደውን ማስታገሻ እንዳይነጠቅ ፈርቶም ነው።

በሳምንቱ በተቅማጥና በትውከት ታመው ወደቁ። ባላቸው አቶ አምኃ ያልፈላውን የካሮ ውሃ ከዚያው ጀሪካን ጠጥተው ደህና ነበሩ፤ የወይዘሮ ብርቅነሽ ዐይን ግን እስከ ረፋድ ጎደጎደ፣ ድምፃቸውም ጠፋ። ዮሳቤጥ የጨውና የስኳር ውህድ እያጠጣች በባለ ሦስት እግር ረክሻ ሕክምና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

በአራተኛው ቀን ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ካርቦናቶው ነው የጣለኝ?»

«የጣለዎትስ ውሃው ነው። ካርቦናቶው ግን መከላከያዎን ሳያዳክመው አልቀረም።»

«ቃጠሎውንስ እንዴት ልቻለው፣ ልጄ?»

ዮሳቤጥ ስለ ቀን ውሎአቸው ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገሩት ወጣ። አል-ጣኢፍ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ በሰው ቤት ወጥ ሲሠሩ ይውላሉ፤ እርሳቸው ግን ቀኑን በሻይ ገፍተው፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ የቀኑን ሁሉ ባንዴ በልተው ይተኛሉ።

«ብዪ ያለኝ የለም፤ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም።»

ዮሳቤጥ እጃቸውን ያዘች። ሐኪም ማየት እንዳለባቸው፣ ብዙ ሰው ግን በሰዓቱ በመብላትና በልቶ ወዲያው ባለመተኛት እንደሚሻለው ነገረቻቸው። በዚህ ጊዜ አልተከራከሩም።

ሐኪሙ መክሮ ካርቦናቶውን አስተዋቸው፤ ያልፈላ ውሃም ከቤታቸው ጠፋ። ሥራ የተመለሱ ዕለት አሠሪያቸውን ኒዕማን ቀትር ላይ መብላት እንዳለባቸው ነገሯት። ኒዕማ በጓዳ የሚበሉ ይመስላት ነበርና ደነገጠች። «ማዓሌሽ» ብላ ይቅርታ ጠይቃ ወንበር ሳበችላቸው።

ቃሩ ወር ሳይሞላው ቀለለ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ዛሬ ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉትን ሴቶች አፍልታችሁ ጠጡ፣ ለጨጓራችሁም ሐኪም ጠይቁ ይላሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨምራሉ፤ «ለሰው ስታበስሉ ውላችሁ፣ ራሳችሁን አትርሱ።»